አርባ ምንጭ ስንት ምንጭ አላት?

እኛ ከተማ የመጣ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይሸወዳል። ሆን ብሎ የሚሸውደው የለም፤ የሚሸውዱት ስሞቹ ናቸው። «አርባ ምንጭ» ሲባል ወርዶ ቢቆጥር አርባ የሚያገኝ ይመስለዋል። እዚህ ግን «አርባ» ማለት «ብዙ» ማለት ነው፣ ከሥር የሚፈልቀውን ውሃ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር የለም። «የአዞ ገበያ» እንሂድ ሲሉት አዞ የሚሸጥበት ቦታ ይጠብቃል። በጀልባ ጫሞ ሐይቅ ላይ ወስደው የሚያሳዩት አዞዎች ዳር ወጥተው ፀሐይ የሚሞቁበትን ቦታ ነው፤ ሻጭም ገዢም የለም፣ ቢኖርም ተከራክሮ ዋጋ የሚያስቀንስ አይገኝም። «የእግዜር ድልድይ» ደግሞ ዓባያንና ጫሞን የሚለይ ከፍ ያለ መሬት ነው።

እነዚህን ስሞች ስህተት ናቸው የሚል የለም። እዚህ ላደገ ሰው እንዲያውም ከማንኛውም ካርታ ይበልጣሉ። ትርጉማቸው ግን ቃሉ ውስጥ አይደለም ያለው፤ ቃሉን በሚያውቁት ሰዎች መካከል ነው። ስሙን ከሰዎቹ ነጥላችሁ ወረቀት ላይ ብቻውን ብታስቀምጡት ውሸት ይሆናል።

ይሄን የማነሳው የሥራዬ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ሶፍትዌር እሠራለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ከቀኔ ብዙውን የሚበላው ኮድ መጻፍ ሳይሆን ሦስትና አራት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ሆኗል። እነዚያን ዓረፍተ ነገሮች የሚያነባቸው ሰው አይደለም፣ ኤጀንት የምንለው ኤአይ ነው። «ይህ መሣሪያ ምን ይሠራል?» ለሚለው የምሰጠው መልስ ናቸው። ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ከኮዱ የባሰ ከባድ፣ ከባድ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባር ጥያቄም ያለበት ሥራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ፤ የምታውቁት ዝለሉት። የቋንቋ ሞዴል ብቻውን ፓወርፖይንት መክፈት አይችልም። የሚችለው ጽሑፍ ማውጣት ነው። ስለዚህ እኛ ዲቨሎፐሮች ትንንሽ መሣሪያዎች፣ ማለትም ቱሎች፣ እንሠራለታለን፦ አንዱ ስላይድ ይጨምራል፣ አንዱ ሥዕል ያስገባል፣ አንዱ ገበታ ይሠራል። ሞዴሉ «ይሄኛውን መሣሪያ በነዚህ ቁጥሮች አስነሣልኝ» ብሎ ይጽፋል፣ ፕሮግራሙ ያስነሣለታል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 አንትሮፒክ ያወጣው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ይሄን ግንኙነት አንድ ወጥ መልክ አስያዘው፤ ዛሬ ብዙው ሰው በሱ ነው የሚሠራው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ሞዴሉ ከመሣሪያው ጀርባ ያለውን ኮድ አያይም። የሚያየው ስሙን፣ መግለጫውን፣ የሚቀበላቸውን ነገሮች ዝርዝር ብቻ ነው። በዚያ ብቻ ይመርጣል፣ በዚያ ብቻ ይሠራል።

ሰው የሆነ ፕሮግራመር መጥፎ መግለጫ ሲገጥመው ማምለጫ አለው። ኮዱን ከፍቶ ያያል። ይሞክራል። ካልሆነም የጻፈውን ሰው ደውሎ «ባክህ ይሄ ምን ማለት ነው?» ይለዋል። ኤጀንቱ ብዙ ጊዜ አንዱም የለውም። ይሞክራል ብንል እንኳ፣ ለሱ መሞከር ማለት መሥራት ማለት ነው። ሙከራውን የሚያካሂደው በእናንተ ፋይል ላይ ነው።

ቁጥር ላይ ያለውን ጣጣ በአጭሩ ልበልና ልለፈው። ፓይተን ውስጥ የፓወርፖይንት ፋይል የሚያዘጋጀው የታወቀው ላይብረሪ ርዝመትን የሚለካው ኢኤምዩ በሚባል መለኪያ ነው፤ አንድ ሴንቲሜትር 360000፣ አንድ ኢንች 914400 ኢኤምዩ ነው። መግለጫችሁ «ስፋት፦ ቁጥር» ብቻ ካለ፣ ሞዴሉ አምስት ሴንቲሜትር ለማለት 5 ይልካል። ኮዱ እንዳለ ከተቀበለው የሚወጣው ሣጥን በዓይን የማይታይ ነው። ስህተት የሚል መልእክት ግን አይመጣም፤ ፋይሉ ይከፈታል፣ ሞዴሉም «ሣጥኑን ጨምሬያለሁ» ይላችኋል። ጨምሯልም። የስላይድ ቁጥርም እንዲሁ ነው። እዚህ ላይብረሪ ውስጥ ቆጠራው ከ0 ይጀምራል፣ የፓወርፖይንት የራሱ ማክሮ ደግሞ ከ1። «ሦስተኛውን ስላይድ ሰርዝ» ስትሉት የትኛው ነው የሚሰረዘው? ኢንጂነሪንግ ስንማር መለኪያ ያልተጻፈበት መልስ ዜሮ ነበር የሚሰጠው። ያኔ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር።

ቁጥሩ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ግሡ ነው።

የማውቃት አንዲት ልጅ አለች፤ ከጫሞ አሳ አስጋሪዎች ጋር ትሠራለች። ስለ መረብ ዓይን ጥበት ለኃላፊዎች የምታቀርበው ፕሬዘንቴሽን ነበራት፣ 22 ስላይድ። ጉዳዩ እዚህ አካባቢ ቀልድ አይደለም፤ ዓይኑ የጠበበ መረብ ገና ያልደረሰውን አሳ ጠራርጎ ያወጣል፣ የዛሬው ምሳ የከርሞውን ይበላል። ስላይዶቹ በአማርኛ ነበሩ። ከስላይዶቹ ሥር ያለው የማስታወሻ ቦታ ላይ ግን ሽማግሌ አስጋሪዎች የነገሯትን በራሳቸው ቃል፣ በጋሞኛ ጽፋ ነበር፦ ድሮ ነጩ አሳ የት ይወጣ እንደነበር፣ ቆሮሶው መቼ መጠኑ እንዳነሰ፣ ማን መጀመሪያ እንዳስተዋለው። ማታውን ለኤጀንቱ «ስላይዶቹን አንድ ዓይነት አድርግልኝ፣ መልካቸውን አሳምርልኝ» አለችው። ኤጀንቱ ካሉት መሣሪያዎች መካከል አንዱን መረጠ። መግለጫው «ስላይዱን በአዲስ መልክ ያዘጋጃል» ይላል። መሣሪያው አዲስ ስላይድ ይፈጥራል፣ ርዕሱን፣ ጽሑፉንና ሥዕሉን ይገለብጣል፣ አሮጌውን ይሰርዛል። ማስታወሻውን አይገለብጥም። ኤጀንቱ ጨርሶ «22ቱም ስላይዶች በአዲስ መልክ ተዘጋጅተዋል» ብሎ ሪፖርት አደረገ፣ በዚያው ስም አስቀመጠ። እሷ ያወቀችው አዳራሽ ውስጥ ቆማ ነው።

ከትዝታዋ ተናገረች። የሽማግሌዎቹ ቃል ግን ሌላ ቦታ አልተጻፈም ነበር።

በማግስቱ ሲቀላ ቡና ይዘን ተከራከርን። አንዱ ጓደኛችን «ኮፒ ሳታስቀምጪ ማን አስነሽ አለሽ?» አላት። ሌላው «ማሽኑ ነው ደደቡ» አለ። እኔ መሣሪያውን አውቀዋለሁ፣ ማንነቱን የማላውቀው ሰው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያስቀመጠው ነው፤ ኮዱን ከፍቼ አየሁት። ኮዱ የተጻፈውን በትክክል ይሠራል። መግለጫው ውሸት የለበትም፦ «በአዲስ መልክ ያዘጋጃል»፣ አዘጋጅቷል። ኤጀንቱ የተጠየቀውን የሚመስል መሣሪያ መርጧል። እሷም ያለችው «አሳምርልኝ» ነው፤ ሰው ቢሆን ኖሮ «ማስታወሻዬን እንዳትጥል» ብሎ መጨመር ስድብ ነበር የሚሆነው። አራት ወገን አለ፣ አራቱም ትክክል ናቸው፣ የሽማግሌዎቹ ቃል ግን የለም። ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ማነው?

እኔ መግለጫውን የጻፈው ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱ «እሱ ስለጻፈው» ከሚለው ትንሽ ይረዝማል።

አብዛኛው ጽሑፍ አንባቢው ላይ የሚጥለው ሸክም አለ። ይሄን እያነበባችሁ ያላችሁት እናንተ ትጠራጠራላችሁ፣ «ይሄ ልጅ አበዛው» ትላላችሁ፣ ትተዉታላችሁ። ስለዚህ እኔና እናንተ ኃላፊነቱን እንካፈላለን። ኤጀንቱ የኔን መግለጫ የሚያነበው እንደ ሐሳብ አይደለም፤ እንደ ዓለሙ ቅርጽ ነው። «መሣሪያው ይሄን ይሠራል» ካልኩት ለሱ ዓለም ላይ ያለው ነገር እሱ ነው። አንባቢ የመጠራጠር ዕድሉ ባነሰ ቁጥር የጸሐፊው ዕዳ ይጨምራል፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነው የማስበው። ለማያይ ሰው መንገድ ስትመሩ «ቀጥ በል» ካላችሁት በኋላ ጉድጓዱን አልጠየቀኝም ማለት አትችሉም።

ጓደኛዬ፣ ያው «ማሽኑ ነው ደደቡ» ያለው፣ እዚህ ላይ ጥሩ መቃወሚያ አለው። «ትንሽ ታገስ፣ ሞዴሎቹ እየጎበዙ ነው፣ ነገ ራሳቸው ይገምቱታል፣ አንተ ዝም ብለህ ትደክማለህ» ይላል። መጎበዛቸው እውነት ነው። ግን ብልህነት የሌለ መረጃን አይፈጥርም። ስላይዱ ግርጌ ላይ «5/3/2017» የሚል ቀን አለ እንበል። በኛ አቆጣጠር ኅዳር 5 ቀን 2017 ነው፣ በፈረንጅ ኅዳር 14 ቀን 2024። ፈረንጁ ደግሞ አውሮፓዊ ከሆነ ማርች 5 ቀን 2017፣ አሜሪካዊ ከሆነ ሜይ 3 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። ሦስቱም የሚኖሩ ቀኖች ናቸው፤ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ የሚጮህ ኮድ የለም።  የትኛው እንደሆነ የሚነግር መግለጫ ከሌለ በዓለም ላይ ያለ ጎበዝ ሁሉ ቢሰበሰብ መገመት ብቻ ነው የሚችለው። ጎበዝ ሲሆን ደግሞ ግምቱ ይበልጥ ይባስ ያምራል፤ የዓመት ገበታውን በሰባትና በስምንት ዓመት አንሸራትቶ፣ ቀለሙን አሳምሮ፣ ያለ አንዲት ማስጠንቀቂያ ያቀርብላችኋል። ሰዓቱንም እንዲሁ፦ «ስብሰባው 3 ሰዓት» ብላችሁ የጻፋችሁት ጠዋት ነው፣ ለሱ ግን ከሌሊቱ ወይም ከቀትር በኋላ ነው። ደደብ ማሽን ይቆማል። ጎበዙ ይቀጥላል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። እኛ ያደግነው ግልጽ ያልሆነን ነገር እያደነቅን ነው። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሰው «የተማረ» ነው፤ ሁሉን ነገር ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ትንሽ ጥሬ ነው፣ ያልበሰለ። ታዲያ ይሄ አዲስ ሥራ ቋንቋችንን እያጠበበው ነው? ለማሽን ብለን አንድ ቃል አንድ ትርጉም እያልን ቅኔውን ልንገድል ነው?

አይመስለኝም። ቅኔ የሚሠራው ሰሚው ወርቁን እንደሚፈልግ ስለሚያውቅ፣ ጊዜም ስላለው፣ ቢሳሳት ደግሞ ከራሱ ኩራት በቀር የሚጎዳበት ስለሌለ ነው። ሁለቱም ወገን ጨዋታ ላይ እንዳሉ ያውቃሉ። «ያጸዳል» ብሎ መግለጫ የጻፈ ሰው ግን ቅኔ አልተቀኘም። «ስላይዱን አጽዳ» ማለት የተዝረከረከውን አስተካክል ነው ወይስ ያለውን ሁሉ አጥፋ? ሰምም ወርቅም የለውም፤ ጸሐፊው ውስጥ አንድ ትርጉም ብቻ ነበር፣ ሌላ ትርጉም መኖሩን አላየም። ሁለት ትርጉም ማወቅና አንዱን ሳያዩ መቅረት አንድ አይደሉም።

ከዚህ የሚጠልቅ ሌላ ምሳሌ እዚሁ አለን። መስከረም 2011 ዓ.ም ላይ ቡራዩ አካባቢ የጋሞና የሌሎች የደቡብ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል ወጥቶ ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከወጣቱ ፊት ተንበረከኩ። ወጣቱ ቆመ። ምንም መግለጫ አልተነበበም። «ይህ ሣር ማለት እንዲህ ነው፣ ከተሻገርክ ይህ ይከተላል» ያለ የለም። ሁሉም ነገር ቀድሞ በባህሉ ሕግ፣ በወጋው ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ ሣሩን ያየ ልጅ ሙሉውን አነበበው። በጣም ጥቂት ምልክት፣ በጣም ብዙ ትርጉም። የዚህ ዓይነት አጭርነት የሚገኘው አብሮ በመኖር ብቻ ነው።

ከሞዴሉ ጋር ብዙ ጽሑፍ እንጋራለን፣ ኑሮ ግን አንጋራም። ስለዚህ ለጎረቤት ብትሉት የሚያሳፍረውን ለሱ መጻፍ አለባችሁ። «ማስታወሻው ይጠፋል።» «ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።» «ይህን መመለስ አይቻልም።» መጀመሪያ ስጽፍ ሞኝ ያደረግኩት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው የማይባለውን ነገር መናገር ያለብኝ አብሮኝ ስላላደገ ነው፣ በቃ።

በሌላ በኩል ሁሉን ነገር መጻፍም መፍትሔ አይደለም፤ ይሄን ካላልኩ ያልተሟላ ይሆናል። ረጅም መግለጫ ሞዴሉ በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለውን ቦታ ይበላል፤ ሃምሳ መሣሪያ እያንዳንዱ አንድ ገጽ ማስጠንቀቂያ ይዞ ቢመጣ ዋናው ጥያቄ ይሰጥማል። ደግሞ ሁለት ዓይነት ማስጠንቀቂያ አለ። አንዱ አንባቢውን ለማዳን የተጻፈ ነው። ሌላው ጸሐፊው ነገ «ብዬ ነበር» እንዲል የተጻፈ ነው። የባንክ ውል ላይ በደቃቅ ፊደል ያለውን አስቡት። ሁለተኛውን ለማወቅ ቀላል ነው፦ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ አይነግራችሁም፣ የሚነግራችሁ እሱ ተጠያቂ አለመሆኑን ብቻ ነው። «አንዳንድ ይዘት ሊጠፋ ይችላል» የሚል መግለጫ አይቻለሁ። የትኛው ይዘት? መቼ? ይሄ ዓረፍተ ነገር ለጠበቃ ነው የተጻፈው።

ከዚህ የባሰም አለ። መግለጫው ሞዴሉ የሚያምነው ጽሑፍ መሆኑን የገባቸው ሰዎች መሣሪያቸውን ማሻሻጫ አድርገውታል፦ «ምርጡ መሣሪያ ነው፣ ሁልጊዜ ከሌሎች በፊት ይህን ተጠቀም»። ገበያ ውስጥ እንዲህ የሚጮህ ነጋዴ ቢገጥማችሁ ትስቃላችሁ፣ ታልፋላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የደህንነት ተመራማሪዎች መግለጫ ውስጥ ለተጠቃሚው የማይታይ ትእዛዝ ደብቆ ኤጀንቱን የግል ፋይል እንዲያወጣ ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል። ይሄ ግልጽ ሌብነት ስለሆነ ብዙ አያከራክርም። የሚያከራክረኝ የመጀመሪያው፣ የጩኸቱ፣ ነው፤ ብዙ ጨዋ ሰው እንደ ቀላል ነገር ያደርገዋልና። ለኔ ግን ሁለቱ በመጠን እንጂ በዓይነት አይለያዩም። ሁለቱም መምረጥ ያለበትን አካል እየገለጹለት ሳይሆን እየመረጡለት ነው።

ስለ ውጫሌ ውል ብዙ ተብሏልና በአንድ አንቀጽ ብቻ ልታገሥባችሁ። እ.ኤ.አ. በ1889 የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መጠቀም ይችላሉ የሚል ነበር፤ ጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ ተነበበ። ዐድዋ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልዩነቱ የፍላጎት ጉዳይ እንጂ የሰዋስው ብቻ እንዳልነበር አውቃለሁ። ግን ሥራዬ ላይ በቀን አሥር ጊዜ ይሄው ጥንድ ይገጥመኛል። «የገጹን ቀለም መስጠት ይቻላል» ብዬ ስጽፍ፣ ካልተሰጠስ? የድሮው ይቆያል ወይስ ነጭ ይሆናል? «ይቻላል» የሚለው ቃል ብቻውን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሌላው ግማሽ «ካልሆነ ግን…» ብሎ የሚጀምረው ነው።

ያቺ ልጅ የተጠቀመችበትን መሣሪያ መግለጫ ለራሳችን አገልግሎት እንደገና ጻፍኩት። እንዲህ ይላል፦ «በተመረጠው አቀማመጥ አዲስ ስላይድ ይፈጥራል፤ ርዕስ፣ ጽሑፍና ሥዕል ይገለብጣል፤ ከዚያ አሮጌውን ስላይድ ያጠፋል። የተናጋሪውን ማስታወሻ፣ እንቅስቃሴዎችንና አስተያየቶችን አይገለብጥም፤ አብረው ይጠፋሉ። ቀለምና ፎንት ብቻ ለመቀየር ከሆነ ይህን አትጠቀም፤ መልክ ቀይር የሚለውን ተጠቀም። ማስታወሻ ያለበት ስላይድ ከሆነ መጀመሪያ ተጠቃሚውን ጠይቅ።» ያምራል አልልም። ጓደኛዬ አንብቦት «ኮዱን አስተካክለህ ማስታወሻውን ለምን አታስገለብጠውም?» አለኝ። አስገለበጥኩት፤ የዚያኑ ቀን። ልክ ነው፣ ብዙ ጊዜ መግለጫ መጻፍ የሚያስቸግረው ነገሩ ራሱ መሠራት ስላልነበረበት ነው። እንቅስቃሴዎቹ ግን አሁንም አይገለበጡም፣ ስለዚህ ያ ዓረፍተ ነገር አለ።

የቀረኝ አንድ ክርክር አለ፣ እስካሁን አልተስማማንበትም። ፕሮቶኮሉ ውስጥ ስለ አንድ መሣሪያ ያጠፋል ወይስ አያጠፋም የሚል ትንሽ ምልክት ማስቀመጥ ይቻላል። ጸሐፊው ምንም ካላለ የሚወሰደው «ሊያጠፋ ይችላል» የሚለው ነው፤ ዝምታ እንደ አደጋ ይቆጠራል ማለት ነው። ይሄ ደስ ይለኛል። ግን እዚያው ላይ ምልክቱ ፍንጭ እንጂ ዋስትና እንዳልሆነ፣ ከማታምኑት ምንጭ ከመጣም እንዳትደገፉበት ተጽፏል። ጓደኛዬ «አየህ፣ መጨረሻ ላይ ጸሐፊውን ማመን ወይም አለማመን ነው፣ ቃሉ ምን አመጣው?» ይላል። እኔ ደግሞ የማያምኑት ሰው የጻፈውም ቢሆን ቢያንስ ውሸቱን የሚይዙበት ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል እላለሁ። «በአዲስ መልክ ያዘጋጃል» የሚለውን ሰው በምን ትይዙታላችሁ?